የጠፋችው የመጨረሻ አሃዝ

በሳውዲ ዓረቢያ፣ ከደርብ ወደ ጂዛን በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ልጅና አንድ ሰውዬ በአማርኛ ያወራሉ።

«ማዳም ስልኬን ቀማችኝ። የእማዬን ቁጥር በቃሌ ይዤው ነበር፤ የመጨረሻዋ አሃዝ ጠፋችብኝ። በሰው ስልክ በግምት ስደውል የማላውቀው ሰው ያነሳል፤ ደጋግሞ ስልክ መለመን ደግሞ አሳፈረኝ።»

«አብሽሪ እህቴ። ስለ ቁጥሩ ሌላ የምታስታውሺው ነገር የለም?»

«አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አስተማሪ ነበር። ሲም ካርዱን የገዛላት ቀን ቁጥሩን ለዘጠኝ አካፍሎ፣ ‹ምንም አይተርፈውም!› ብሎ ደስ ብሎት ነበር።»

«እንግዲያው አሃዞቹ ሲደመሩም ለዘጠኝ ይካፈላሉ። በይ የያዝሻቸውን ደምሪ።»

«አርባ አንድ።»

«አርባ አምስት እንዲሞላ ስንት ይጎድላል?»

«አራት... አራት ናት!»

«ያላ፣ እንቺ በኔ ስልክ ደውዪ።»

ደወለች።

«እማዬ? እኔ ነኝ። አባባ ነው ያገናኘን።»

መውረጃዬ ቢደርስም ሾፌሩን አቁም ማለት ከበደኝ።