የባትሪው ውሃ የት ይሄዳል?

አቶ ደምሰው ጂንካ ገበያ ዳር ባትሪ ሲሞሉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ከኦሞራቴ፣ ከካንጋተን የሚመጣው የመኪናና የሶላር ባትሪ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። ያን ቅዳሜ ግን እጃቸው ሥራ እንቢ አለ። ልጃቸው ኢየሩሳሌም ከአርባ ምንጭ ደውላ፣ ስለ ሃይድሮጅን የምትማርበት የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል ማግኘቷን ነግራቸዋለች። መልስ እስከ ማታ ይጠበቅባታል፤ ያለ አባቷ ፈቃድ ግን አልሄድም ብላለች።

ይህን ሲያብሰለስሉ ባሮክ የሞተር ሳይክሉ ባትሪ ሞቶበት እየገፋ ደረሰ። ኢየሩሳሌምን ኬሚስትሪ ያስተማራት ይኸው ወጣት መምህር ነው።

«እግዜር አመጣህ» አሉት። «ልጄን ያበላሸሃት አንተ ነህ።»

ባሮክ ፈገግ ብሎ ጥፋቱን ጠየቀ። እሳቸውም ዘረዘሩለት፦ ጋዝ አይታይ፣ አይጨበጥ፣ እሳት ካገኘ አይምርም። አንድ ሾፌር እዚሁ ቤት ባትሪ ሲሞላ ሲጋራ ለኩሶ፣ ክዳኑ ፈንድቶ አሲዱ አንገቱን ልጦታል። ወረዳ ቢሮ ሥራ ብትይዝ ምን አነሳት? ናፍጣስ ምን በደለን? «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብለው ደመደሙ።

ባሮክ በእጁ ባትሪዎቹን አመለከተ። «ጋሼ፣ ባትሪው ላይ ውሃ የሚጨምሩት ለምንድን ነው?»

«ስለሚጎድል ነዋ። ሙቀቱ ያደርቀዋል።»

«ሙቀቱ የሚወስደው ጥቂቱን ነው። ባትሪው ሞልቶ ሲንተከተክ ኤሌክትሪኩ ውሃውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ኦክስጅን፣ ሌላው ሃይድሮጅን። የሾፌሩን ባትሪ ያፈነዳውም ይኸው ሃይድሮጅን ነው።»

አቶ ደምሰው ወደ ባትሪዎቹ ዞሩ። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሃያ ዓመት አብሯቸው የኖረው ነገር ስም እንዳለው ገና መስማታቸው ነው።

«እንግዲያ አደገኛ መሆኑን ራስህ መሰከርክ።»

«መሰከርኩ። ታዲያ ከዚያ በኋላ ቤቱን ዘጉት?»

አልዘጉትም። አየር እንዲዘዋወር ሁለት መስኮት አስከፈቱ፣ ክብሪት ከለከሉ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልተጎዳም። ሰው የሚፈራውን ነገር ጠባዩን ሲያውቅ መያዣም ያበጅለታል።

«ልጅዎ የምትማረውም አያያዙን ነው» አለ ባሮክ።

ጉድለቱንም አልደበቀም። ሃይድሮጅን ዛሬ ውድ ነው፣ ማጠራቀሚያውም ያስቸግራል፤ ለቤት መብራት ሶላር ይበልጣል። ነገር ግን በፀሐይ ወይም በነፋስ ኃይል ከተመረተ ጭስ የለውም፤ ጉልበቱን ሰጥቶ ሲጨርስ መልሶ ውሃ ይሆናል። ከባድ መኪና ሊነዳ ይችላል፤ ለገበሬው ማዳበሪያ ለመሥራትም ዋናው ግብዓት እሱ ነው። መንገድ ተቆርጦ ናፍጣ ሲዘገይ የሚጨልም ጤና ጣቢያም የፀሐዩን ጉልበት አጠራቅሞ ሊያቆይበት ይችላል።

አቶ ደምሰው የባትሪ ውሃ የያዘውን ጀሪካን አነሱ። «ከውሃ ይወጣል አልክ። ከማን ውሃ?»

«እሱን ከእኛ ወገን የተማረ ሰው የሃይድሮጅን ፋብሪካ የት ይተከል ሲባል እዚያ ተቀምጦ ካልጠየቀ፣ ጋሼ፣ ማንም አይጠይቅልንም።»

ሽማግሌው ስልካቸውን አንስተው ደወሉ።

«ሂጂ ልጄ፤ ፈቅጃለሁ። ግን ፋብሪካውን ኦሞ ወንዝ ዳር እንትከል ያሉሽ ዕለት፣ ከመፈረምሽ በፊት ‹የዳሰነች አርብቶ አደር ከብት የሚጠጣው ከየት ነው?› ብለሽ ጠይቂ። መልስ ከሌላቸው ወደ ቤትሽ ነይ።»