ከአንገት የማይወልቅ ወረንጦ

ክንድ የማታህል የቡና ጭነት መኪና ከጣውላ ሠርቼ፣ የጎን መስታወቷ ከምስር ክክ አንሳ በጣቴ አልያዝ አለችኝ። ቀጭን ወረንጦ ልገዛ ሄርማታ ገበያ፣ አባ ጀማል ሱቅ ሄድኩ። የሚያብለጨልጨውን ሳነሳ ተቀብለው ወደ ብርሃን አዩትና፣ «ተወው፤ ጫፉ አልገጠመም» አሉኝ። ከዚያ አንገታቸው ላይ በክር ባንጠለጠሉት አሮጌ ወረንጦ ከክንዴ አንዲት ጸጉር መዘዝ አደረጉ! «ወላሂ፣ እንዲህ ነው የሚይዝ!»

«እሱን ይሽጡልኝ፣ አባ።»

«ይሄማ እሾህ የማወጣበት ነው፤ ከአንገቴ አይወልቅም። መኪናህን እዚህ አምጣ።»

ምን አለፋችሁ፣ በማግስቱ ይዣት ሄድኩ። ክሩ አጭር ስለሆነ ግንባር ለግንባር እየተጋጨን መስታወቷን ገጠምኩ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል አባ ጀማል አሁንም አጎንብሰዋል።

«ትንሽ ወደ ውጭ አዙራት እንጂ» አሉኝ፤ «ሾፌሩ ኋላውን በምን ሊያይ ነው?»