ቀን ያልተጻፈበት ማስታወቂያ

ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ታች ስወርድ፣ ምድር ቤት የሚሠሩትን ጫማ ሰሪ ደረጃው መሀል አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው የደረጃውን ብረት፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛቸው ወርዶ አገጫቸው ላይ ተቀምጧል። ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

“አይዞሽ፣ አልናከስም” አሉኝ። “የእናትሽን ጫማ ይዤ ነው። ሶሉን ቀይሬ ከጨረስኩ አራት ወር ሆነኝ። ባለቤቱ ሲጠፋ እኔው ላድርገው እንዳልል፣ ቁጥሩ እምቢ አለኝ።”

“ግቢው ዝግ ነው እኮ ጋሼ። የት ሄዳ ታደርገዋለች?”

“እሱንማ እኔ ልጠይቅሽ እንጂ! ቁልፉ ያለው አንቺ አንገት ላይ አይደል?”

እውነታቸውን ነበር። በሽታው የገባ ሰሞን የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሲያቋቁሙ፣ ጽሕፈቷ ይነበባል ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ፤ የትልቁን በር ቁልፍም እኔው እንድይዝ ሰጡኝ። “በሽታው እስኪጠፋ ድረስ እንግዳ አይገባም፤ ልጆች ግቢ ውስጥ አይጫወቱም፤ አረጋውያን ከቤት አይወጡም” የሚለውን ማስታወቂያ በእጄ ጽፌ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ጤና ቢሮው እገዳውን ካላላ አምስት ሳምንት ሆኖታል። የእኛ ግቢ ግን እንደተቆለፈ ነው። የታችኞቹ ይከፈት፣ የላይኞቹ ይቆይ እየተባባሉ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሰዋል። በማግስቱ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። እኔ ደግሞ ከ“ይቆይ” ወገን ብቻ ሳልሆን የወገኑ ራስ ነበርኩ። ልጄ አንዴ ካስነጠሰች የሬሳ ሳጥን የሚታየኝ ሰው ነኝና አይፈረድብኝም።

“ጋሼ፣ እርስዎ ይከፈት የሚሉት ሥራ ስለቀዘቀዘብዎ ነው” አልኳቸው።

“ይቀዘቅዛላ! ሰው ካልረገጠ ሶል በምን ያልቃል? ሞት እንደሆነ ቁልፍ አይፈራም። ነገ በሩን ወለል እናደርጋለን፤ ይህንንም ጨርቅ አውልቀን እንጥላለን።”

በዚህ መሀል ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ ከሥራ ተመልሳ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ደስ አለኝ። በመጀመሪያ ዝጉ ብላ የመከረችን እሷ ናትና እንደማታሳፍረኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

“ሲስተር፣ እስቲ ፍረጂን” አልኳት።

ቦርሳዋን አስቀምጣ ሁለታችንንም ሰማችን። ከዚያ ቀስ ብላ፣ “እትዬ፣ ያኔ ዝጉ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልቆጭበትም” አለች። “አልጋ ሞልቶብን ሰው ኮሪደር ላይ እናስተኛ ነበር። ክትባትም አልነበረም። ዛሬ የዚህ ሕንፃ አረጋውያን በሙሉ ተከትበዋል፤ በእኛ ክፍል የተኙት ሦስት ታማሚዎች ብቻ ናቸው። የዘጋንበት ምክንያት ሄዶ ቁልፉ ብቻውን ቀረ።”

“ተመልሶ ቢመጣስ?”

“ሊመጣ ይችላል፤ አይመጣም ብዬ አልዋሽዎትም። ከመጣ እንደገና እንዘጋለን። ግን ማስታወቂያው ‘እስኪጠፋ’ ነው የሚለው። ስንት ሰው ሲታመም ነው ጠፋ የምንለው? መጥፋቱንስ የምናየው መቼ ነው?”

ስጽፈው ቀን ማስገባት ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

“እኔ ልንገርሽ” አሉ ጫማ ሰሪው ድል እንዳደረገ ሰው ደረታቸውን ነፍተው። “ጫማ ስሠራ ቆዳውን እንጨት እግር ላይ እወጥረዋለሁ። ማስቲሹ እስኪደርቅ ነው። ደርቆም ከእንጨቱ ካላወጣሁት ጫማው ለእንጨት ተሠራ ማለት ነው!”

ነርሷ ፈገግ አለች። “ማስቲሹ ሳይደርቅ ቢያወጡትስ ጋሼ?”

“አፉን ይከፍታል።”

“እንግዲያው እርስዎም ለጊዜው ይዝጉታ!” ብላ ወደ አገጫቸው አመለከተች። ሽማግሌው እየሳቁ መሸፈኛውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

“ለመሆኑ እማማ ደህና ናቸው?” አለችኝ።

“ደህና ናት” አልኩ ቶሎ ብዬ። ውሸቴን ነበር። ከአልጋዋ ስትነሳ ግድግዳ መያዝ ከጀመረች ሰነባብታለች። ማንም እንዲያውቅ አልፈለግኩም።

“እስቲ ጫማውን ትለካው” ብለው ጫማ ሰሪው ወደ እኛ ቤት መውጣት ጀመሩ። ቤት እንደገባን መስኮቱን ከፈትኩ፤ እሳቸውና ነርሷ በሩ አጠገብ ቆሙ። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጫማውን ሳጠልቅላት እግሯ ውስጡ ዋለለ።

“ልኳ ነበር እኮ” አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

እናቴ ልትቆም ሞከረች። ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፤ ነርሷ ሮጣ ደገፈቻት። ተመልሳ ስትቀመጥ አላለቀሰችም።

“እንዳትሰጊ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ” አለች ወደ እኔ እያየች፣ “ሠላሳ ሁለቱን ደረጃ በየቀኑ በሐሳቤ ስወርደው ነው የከረምኩት። ሐሳብ እግር አያጠነክርም ለካ።”

“ዛሬ መራመድ ከጀመሩ ጉልበትዎ ይመለሳል” አለች ነርሷ። “ሌላ አራት ወር ከተቀመጡ ግን ቃል አልገባም።”

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የፈራሁት ደረሰ፤ ያመጣው ግን በሽታው አልነበረም፤ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ነበር። ጥንቃቄ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው አትርፏል። መጨረሻው ያልታወቀ ጥንቃቄ ግን ሌላ በሽታ እንደሚወልድ በእናቴ ጉልበት ተማርኩ።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ አዲስ ማስታወቂያ ጽፌ ቆምኩ። አነበብኩት፦ በሩ ከነገ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ይከፈታል፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሲስተር ያለውን ሁኔታ ትነግረናለች፤ ያኔ ተሰብስበን እንወስናለን። ትኩሳት ያለው ቤቱ ይቆያል፤ ጎረቤት የሚፈልገውን በሩ ላይ ያደርስለታል። ደረጃው ላይ ሁሉም ይሸፈናል።

“አንቺም ከዳሽን?” አለች የአራተኛ ፎቋ ጡረተኛ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ዋና አጋሬ የነበረችው።

“አልከዳሁሽም” አልኳት። “እኔም እንዳንቺ እፈራለሁ። ለፍርሃቴ ቀን ቆረጥኩለት እንጂ አልጣልኩትም። አንቺም እስክትደፍሪ ቤትሽ ብትቆዪ፣ የሚስቅብሽ ቢኖር ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው።”

እጅ ወጣ፤ አለፈ። እሷ ግን እጇን አላወጣችም።

ያ ቀን ካለፈ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ እንሰበሰባለን፤ አንዴ ሦስት ሰው ስለታመመ ለአንድ ሳምንት እንግዳ ከልክለን፣ ቀኑ ሲደርስ ከፍተናል። የተኳረፉት ሰላም ይባባላሉ። ልጄ በመስኮት ታያቸው የነበሩትን ልጆች አሁን እያሯሯጠች ታስለቅሳለች። ጡረተኛዋም ባለፈው ሳምንት እስከ ደጃፏ ወጥታለች። እኔ አሁንም ሲያስነጥሱ እደነግጣለሁ፤ እሱ አብሮ አደጌ ነው።

እናቴ በመጀመሪያው ቀን አራት ደረጃ ወርዳ ተመለሰች። በሳምንቱ አሥር ሆነ። ትናንት ከሰዓት ዝናቡ እንዳባራ ሠላሳ ሁለቱንም ወርዳ ጫማ ሰሪው ዘንድ ደረሰች፤ እሳቸውም ጫማዋን ገልብጠው አይተው፣ “ገና ነው፤ አልተፋቀም፤ ጨምሪ!” አሏት አሉ።

ስትመለስ ወለል እወለውል ነበር። ከበሩ እስከ አልጋዋ ጭቃ ረግጣ ገባች። ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ዱካዋን አየሁት፤ ግድግዳውን ሳትይዝ፣ መሀል ለመሀል ነበር የመጣችው። መወልወያውን ጥግ አስደግፌ ተውኩት።