የሃምሳ አለቃ ሰይፈሚካኤል ሁለተኛ ለቅሶ

ለሃምሳ አለቃ ሰይፈሚካኤል ገሠሠ ለቅሶ ስንቀመጥ ይህ ሁለተኛችን ነው፤ በመጀመሪያው ደረት የደቃችሁ እናቶች ዛሬም በመካከላችን አላችሁ።

ሃምሳ አለቃ ከአባታቸው ከአቶ ገሠሠ ማናሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበበች በ1949 ዓ.ም. በያኔዋ ናዝሬት ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚሁ ተምረው፣ በ1969 ዓ.ም. የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ ወደ ምሥራቅ ግንባር ዘመቱ። ወይዘሮ አበበችም የልጃቸው ካፖርት እንዳይጠፋ ኮሌታው ሥር የልጃቸውን ስም በቀይ ክር ጠልፈው ሸኟቸው።

በጅጅጋ አቅራቢያ ምሽግ ውስጥ ሳሉ፣ የአዳሚ ቱሉው ባልንጀራቸው ጉተማ መርዳሳ ትኩሳት ይዞት ሲንቀጠቀጥ ቢያዩት ያንን ካፖርት አውልቀው አለበሱት። በማግሥቱ ጉተማ ዐይናቸው እያየ በመድፍ ተመታ፤ እርሳቸውም ተማርከው ተወሰዱ። ሬሳውን ያገኙ ወታደሮች የኮሌታውን ስም አንብበው በሳንጃ ጫፍ ድንጋይ ላይ ቀረጹና ቀበሩት፤ መርዶውም ለወይዘሮ አበበች መጥቶ ተዝካር ወጣ።

በ1980 ዓ.ም. ከምርኮ ሲመለሱ ከተማው በእልልታ ተቀበላቸው። የጉተማ እናት ወይዘሮ ዘርፉም ሞቷል የተባለ ሰው ከተመለሰ የእኔም ይመለሳል ብለው ከአዳሚ ቱሉ ገስግሰው መጡ። ሃምሳ አለቃ ግን በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል እውነቱን መናገር ከብዷቸው፣ ጉተማን አላየሁትም አሉ።

ከዚያ በኋላ ከወይዘሮ ሰብለወንጌል ጋር ተጋብተው ኪዳነወልድንና ልዩን አፈሩ፤ በከባድ መኪና ሹፌርነትም ሲሠሩ ኖረው በመጨረሻ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ያመላልሱ ነበር። ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ በአዳሚ ቱሉ የሚያልፍ ጭነት ሲሰጣቸው ግን አንድም ቀን አልተቀበሉም።

አምና ወይዘሮ ዘርፉ በራቸውን ሳይቀረቅሩ ልጃቸውን እንደጠበቁ ዐረፉ። ሃምሳ አለቃ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው ለሟቿ ሴት ልጅ ለወይዘሮ ዱሬቲ ሁሉንም አፍረጥርጠው ነገሯቸው፤ የወንድማቸውን አፅም አብረው ሊያመጡም ተስማሙ። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ግን “ሞት አንድ ጊዜ ቆጥሮዎታል፤ ስሕተቱን ለምን ያሳዩታል?” እያሉ ለመኗቸው። ይህ ፍርሃት በእርሳቸውም ልብ ውስጥ ነበር፤ በእኔ ስም ሌላ ሰው ስለተኛልኝ ነው የኖርኩት ይሉ ነበር።

ያም ሆኖ ከወይዘሮ ዱሬቲ ጋር በሐረር በኩል ወደ ጅጅጋ ሄዱ። ምሽግ የነበረው ሜዳ ማሽላ ለብሷል። በወጣትነታቸው ሬሳውን ጅብ እንዳያወጣው በመቃብሩ ላይ ድንጋይ የከመሩት የአካባቢው ሽማግሌ አቶ ዓብዱ ይዘዋቸው ሄዱ። ሃምሳ አለቃ የራሳቸውን ስም በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከድንጋዩ ሥርም ተቀመጡ። ወይዘሮ ዱሬቲ አጠገባቸው ተቀምጠው ወደ መቃብሩ እያዩ በኦሮምኛ “ተነሥ ወንድሜ፣ እናታችን በር ከፍታልሃለች” አሉ።

በሽማግሌዎችና በሕግ ፈቃድ የወጣው አፅም በአዳሚ ቱሉ ከእናቱ ጎን ዐረፈ። ድንጋዩን ግን ሃምሳ አለቃ የእኔ ነው ብለው አዳማ አምጥተው በግቢያቸው በር ሥር አስቀመጡት። ብዙም ሳይቆዩ ታመው ተኙ፤ ሐኪሞች ሳንባቸው ከቆየ ሕመም የተነሣ ተጎድቷል አሉ። ባለቤታቸው ድንጋዩ ይጣል ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ ይህም ታሪክ ሳይነበብ እንዳይቀበሩ አዘዙ። ባለፈው እሑድ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ከቤተሰቡ እኩል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙትን ወይዘሮ ዱሬቲን ትተው ሄደዋል። ለመቃብራቸው አዲስ ጽሑፍ አላሠራንም፤ ድንጋዩ ከጅጅጋ ተጽፎ መጥቷል። በአንድ ስም የተለቀሰላቸውን የሁለቱንም ነፍስ እግዚአብሔር በየስማቸው ጠርቶ በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን፤ አሜን።