ክፍሉን ዘግቶ ግቢውን መርሳት

ትምህርት አያልቅም ማለት ቀላል ነው። ያስተማረ ሰው እንደገና ሲማር ማየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ይህን ያየሁት አንድ ማለዳ በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ነው።

ደረጃው ላይ ከጋሼ ቁልፍ ጋር ተገጣጠምን። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው። ስለ ዕፅዋት ሲያስተምሩ ፀጉራቸው የነጣ መምህር ሲሆኑ፣ ወገባቸው ላይ የሚንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ ገና ሳይደርሱ መምጣታቸውን ያወራል። የቢሯቸው፣ የቤተ ሙከራው፣ የደረቁ ቅጠሎች የሚቀመጡበት ቁም ሣጥን፣ ሁሉም የየራሱ ቁልፍ አለው። በር ከዘጉ በኋላም እጀታውን ሳይነቀንቁ አይሄዱም።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። መጽሐፌን እያረምኩ ነበር። የቢሮዬ ኮምፒውተር ታሞብኝ የጋራው ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሂድ ተቀመጥበት» አሉኝና ቁልፋቸውን እያቃጨሉ ወረዱ።

ሄጄ ተቀመጥኩ። የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ስከፍት ማን ነህ ብሎ አልጠየቀኝም። ከላይ የጋሼ ስም ተጽፏል። አንድ ቦታ ብነካ መጽሐፋቸው እፊቴ ተዘረጋ፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለባለቤቴ፤ እኔ ቅጠሉን ስለቅም ተቀምጠሽ ለሣልሽው» ይላል። ከሥሩ በእርሳስ የተሣሉ ቅጠሎች በተርታ ተደርድረዋል። ደነገጥኩ። ሳላንኳኳ የሰው መኝታ ቤት የገባሁ መሰለኝ። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ኖሮ ይህን ሁሉ በአንድ ጣት ሊያጠፋው ይችል ነበር።

ሮጬ ወርጄ መለስኳቸው። በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል የምትሠራው የእህታቸው ልጅም የንባብ ክፍሉን ማተሚያ ልትጠግን ስትመጣ ደረሰች። ሦስታችንም እስክሪኑ ፊት ቆምን።

«ሎግ አውት አድርጌያለሁ» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ግን አንሶ ነበር። «የመጻሕፍት ማውጫው በሰላም ወጥተዋል ሲለኝ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ከማውጫው ወጥተዋል አጎቴ። ክፍሉን ዘግተው የግቢውን በር፣ የዩኒቨርሲቲውን ዋና መግቢያ፣ ረሱት። ሲገቡ ገብተው መቆየት ይፈልጋሉ ወይ ብሎ አልጠየቀዎትም?»

«ጠየቀኝ። በትሕትና ቆይ ያለን ሰው እምቢ ይባላል እንዴ? አዎ አልኩት።»

ልጅቷ ሣቋን ዋጥ አደረገች። ጋሼ ግን ተቆጡ።

«ይኸው! ለሁሉም በር አንድ ቁልፍ፣ ለማውጫውም ለኢሜይሉም አንድ የይለፍ ቃል ብላችሁ ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ዱሮ ለእያንዳንዱ በር የየራሱ የይለፍ ቃል ነበረኝ።»

እውነቱን ለመናገር በልቤ ከእርሳቸው ጋር ነበርኩ። አንዱ ከተሰረቀ ሁሉም ይሰረቃል፤ ይህ ለማንም የሚገባ ነው።

«ልክ ነዎት» አለች የእህታቸው ልጅ፤ «አንድ ነውና በደንብ መጠበቅ አለበት። ግን ልጠይቅዎት፤ የዱሮዎቹ ቃሎች የተለያዩ ነበሩ?»

ጋሼ ጣሪያውን አዩ። «እንዳልረሳው ብዬ… አንድ ዓይነት ነበሩ። የማውጫውም፣ የፈተና ውጤቱም፣ የኢሜይሉም።»

«እንግዲያ ዘለላው ትልቅ ነበር እንጂ የቁልፎቹ ጥርስ አንድ ነበር። ከጠባቂዎቹ አንዱ ቢያንቀላፋ ሁሉም ክፍል ይዘረፍ ነበር። አሁን ቃልዎን የሚሰማው የግቢው ዘበኛ ብቻ ነው። እርሱ አጣርቶ ለየክፍሉ ‹እኚህን አውቃቸዋለሁ፣ አስገቧቸው› ይላል። ክፍሎቹ ቃሉን አይሰሙም።»

«አንዱም አይሰማም?»

«አንዱም። ዘበኛውም ቃሉን ብቻ አያምንም፤ አዲስ ቦታ ሲገቡ ስልክዎ ላይ እርስዎ ነዎት ወይ ብሎ ይልካል።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። የዘር ፍሬን በአጉሊ መነጽር ሲያዩ የሚያሳዩትን መደነቅ ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ አየሁት።

«ሌባ የዘበኛ ልብስ ለብሶ ቢቆምስ?» አሉ መነጽራቸውን እየመለሱ።

«ይለብሳል። ስለዚህ በኢሜይል የመጣ ሊንክ ተከትለው ቃልዎን አይጻፉ፤ አድራሻውን ራስዎ ጽፈው ይግቡ። እርስዎ ሳይገቡ ስልክዎ ከጠየቀ ደግሞ አይደለሁም ይበሉና ቃሉን ይለውጡ።»

«እንዳልረሳው አንቺ ያዢልኝ እንጂ፤ የይለፍ ቃሌ…»

ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። «ለእኔም አይንገሩኝ።»

«የእህቴ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ብሆንም። የኮምፒውተር ክፍል ነኝ ብሎ የሚጠይቅዎት ካለ እርሱ ሌባ ነው። ገብቶ መቆየቱን ደግሞ ከእርስዎ በቀር ማንም በማይነካው፣ በሚቆለፈው በቤትዎ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አዎ ይበሉ። እዚህ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፤ እዚህ አይሆንም ማለት ነውር የለውም። ሲጨርሱ ከግቢው በር ይውጡና ብራውዘሩን ጨርሰው ይዝጉት።»

«ሰው ነኝ፤ ብረሳስ? ቤቴ ገብቼ ትዝ ቢለኝስ?»

ልጅቷ አጎቷን ወደ መስኮቱ ወሰደቻቸው፤ እኔ ኮምፒውተሩ ዘንድ ቀረሁ። ስልካቸውን አስከፍታ «ከሁሉም መሣሪያ አስወጣኝ የምትለውን ይጫኗት» አለቻቸው።

«መጽሐፉን አታጠፋብኝም?»

«በሩን ነው የምትዘጋው።»

በአንድ ጣታቸው ተጫኑ። እኔ ገጹን አደስኩት። ቅጠሎቹም፣ የባለቤታቸው ገጽም ጠፍተው በምትካቸው ማን ነዎት የሚል ባዶ መስመር መጣ። የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስለ ከተማ ቅጥርና ስለ ብረት በር ብዙ አንብቤያለሁ። አንድ ሽማግሌ መስኮት ሥር ቆሞ ሩቅ ያለ በር ሲዘጋ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

«እስቲ እጀታውን ልነቅንቀው» ብለው መጡ ጋሼ። ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቀስት ደጋግመው ተጫኑ፤ በሩ አልተከፈተም። «ይገርማል» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ቁልፍ ያልኩት ለካ ዘበኛ ያለው ግቢ ኖሯል። ልጄ፣ ረትተሽኛል።»

ከዚያ ወዲህ ጋሼ አንድ ረጅም ቃል ብቻ ይይዛሉ፤ የውጤቱንም የኢሜይሉንም በር በእርሱ ይከፍታሉ፤ ቃል ረሳሁ ብለው የኮምፒውተር ክፍልን ደጅ መጥናት ትተዋል። ተማሪዎቻቸውንም ከቅጠል በፊት የሚያስተምሩት አወጣጥን ነው። አንድ ቀን ከስብሰባ ላይ ሳሉ ስልካቸው እርስዎ ነዎት ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው አይደለሁም ብለው እዚያው ቃላቸውን ለወጡ። መጽሐፉ ዳነ።

ያን ማለዳ ግን ልንለያይ ስንል ክንዴን ያዙኝ።

«የመጀመሪያውን ገጽ አነበብከው?»

«አነበብኩት ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ቀድማ ልታነብበው የሚገባት ባለቤቴ ነበረች፤ ሳልጨርሰው አረፈች» አሉ። ደረጃውን ጥቂት ከወረዱ በኋላ ተመልሰው ወጡ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብለው ቀስቱን አንድ ጊዜ ደግሞ ተጫኑት።

«ተዘግቷል እኮ ጋሼ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «እርሷ ያለችበት ክፍል ስለሆነ ነው።»