ለጸበል የቀረበልኝ ጀሪካን

መልካ ወረር የምትኖር የንስሐ ልጄ ቤቷን ጸበል እንድረጭላት ለመነችኝ። ማዕድ ቤት ከተደረደሩት የውኃ ጀሪካኖች አንዱን አምጥታ ከፊቴ አኖረች። ጧፌን ለኩሼ «በስመ አብ» ብዬ ስጀምር ክዳኑን ከፈተችው፤ ኃይለኛ ሽታም አፍንጫዬን ወጋኝ። ወዲያው የኬሚስትሪ ባለሙያው ባሏ ከደጅ ሮጦ ገባና «አባ፣ ጧፉን ያርቁት! ውኃ አይደለም! ከጥጥ አገዳ በኬሚካል ያወጣነው ነዳጅ ነው!» እያለ የጀሪካኑን አፍ በመዳፉ ከደነው። ጧፍን እፍ ብሎ ማጥፋት አይገባምና፣ ነበልባሉን በጣቶቼ ጨምቄ አጠፋሁት።

«እንዴት ከምንጠጣው ውኃ ጋር ታኖረዋለህ?» ብላ ሚስቱ ጮኸችበት። እርሱ ግን እግሬ ሥር ወድቆ «አባ፣ ይፍቱኝ» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አልሁት፤ «አሁን ግን ተነሥና ልጆችህ ዛሬ ከየትኛው ጀሪካን እንደጠጡ ጠይቃቸው።»