የቀፎው ቅጠል

ቴፒ በምሠራበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ የመምህራንን ጥናት ማንም ሰው በስልኩ በነፃ እንዲያነበው ድረ ገጽ ላይ የምጭነው እኔ ነኝ። ባለፈው ከማሻ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙና፣ «ልጄ፣ በዚያ የማር ጥናት ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። ጥናቱን ከፈትኩት። ንብ እንዲገባበት አዲስ ቀፎ በብሳና ቅጠል ይታጠናል ይላል።

«ምነው አባባ፣ ለምን?» አልኳቸው።

«መምህሩ ሲጠይቀኝ የአባቴን ምስጢር ለሰው አልሰጥም ብዬ ነዋ። ወረቀቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ግን ከስልካቸው አንብበው በብሳና አጠኑ፤ ቀፏቸው ባዶውን ቀረ። አሁን በምን ዓይኔ ልያቸው?»

ትክክለኛውን ቅጠል ከኪሳቸው አውጥተው ኪቦርዴ ላይ አኖሩት። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ለመምህሩ ደውዬ ስነግረው እሱም ከት ብሎ ሳቀ። «ጥናቴን የገመገሙት እንኳ ያላዩትን ስህተት ሽማግሌው አገኙልኝ» አለ። እሱ ያረመውን በዚያው ቀን ጫንኩት።

ሽማግሌው በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ተመለሱ። «ሰው ሁሉ የሚያየው ከሆነማ፣ ስሜንም ጻፊበት» አሉኝ።